የብብት ላብና ቀዶ ሕክምናው፦ ከደረት ወደ ቆዳ የተደረገ የታሪክ ጉዞ

የመንዝ ደጋ በብርዱ የታወቀ ነው። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ የአካባቢው ሰው ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ለብሶ ብርዱን ይከላከላል። በመንዝና በግሼ ብርድ ውስጥ ያለ ሥራና ያለ ሙቀት ብብቱ የሚርስ ሰው ችግሩን ለማስረዳት ይቸገራል። «ላብ አደር» የሚለው ቃል እንደሚያመለክተው በሥራ የመጣ ላብ የተከበረ ነው፤ ተቀምጦ ማላብ ግን ያሳፍራል። በመሆኑም ሕመምተኛው ወደ ጤና ጣቢያ ለመሄድ ቢዘገይ አያስደንቅም።

ለዚህ ችግር የሚደረገው ቀዶ ሕክምና የመነጨው ከሌሎች በሽታዎች ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 አሌክሳንደር በአንገት ያለውን የሲምፓቴቲክ ነርቭ የቆረጠው የሚጥል በሽታን ለማዳን ነበር። በ1896 ሩማንያዊው ዮኔስኮ ተመሳሳይ ቀዶ ሕክምና ዓይን ለሚያፈጥ እንቅርት አደረገ። ነርቩ ሲቆረጥ ላብ እንደሚቀንስ ከታወቀ በኋላ ኮትዛሬፍ በ1920 ቀዶ ሕክምናውን ለላብ ብዛት አዋለው። ይሁን እንጂ አንገትን ወይም ደረትን ከፍቶ ነርቩ ዘንድ መድረስ ከባድ ሥራ ነበር።

መንገዱን ያቀለለው ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የዋለ መሣሪያ ነው። ስዊድናዊው ያኮቤዩስ በ1910 የደረትን ውስጥ በመመልከቻ መሣሪያ ማየት እንደሚቻል አሳወቀ። በ1942 ሂዩዝ በዚሁ ዘዴ ነርቩን ቆረጠ፤ ኦስትሪያዊው ኩክስም በ1950ዎቹ ዘዴውን አስፋፋው። በ1990ዎቹ የቪዲዮ ካሜራ ሲጨመር ቀዶ ሕክምናው በብዙ አገሮች ተለመደ።

ከልምዱ ጋር ጉዳቱም ጎልቶ ታየ። ብብቱ የደረቀለት ሕመምተኛ በጀርባው፣ በሆዱና በጭኑ በብዛት ማላብ ይጀምራል፤ ይህ ማካካሻ ላብ አንዳንዱን ከፊተኛው ችግር ይበልጥ ያስጨንቀዋል። የተቆረጠን ነርቭ ደግሞ እንደነበረ መመለስ አይቻልም። የአየር ወደ ደረት መግባትና የዓይን ቆብ መውደቅም ሊከሰቱ ይችላሉ። ከዚህም በላይ የብብት ላብ ውጤት እንደ እጅ መዳፍ አስተማማኝ ሆኖ አልተገኘም።

ስለዚህ ሕክምናው ወደ ቆዳ ተመለሰ። በ1962 ስኩግና ቲረሶን ነርቩን ሳይነኩ የብብትን የላብ ዕጢዎች ቆርጠው ማውጣትን አስተዋወቁ። ይህ ቀዶ ሕክምና በአካባቢ ማደንዘዣ ሊሠራ ቢችልም፣ ጠባሳና የቁስል አለመዳን ስለሚያስከትል በኋላ በትንሽ ቀዳዳ ዕጢዎቹን ፍቆ መምጠጥ ተለመደ። በአሜሪካ በ2004 ቦቱሊነም ቶክሲን፣ በ2011 ደግሞ የማይክሮዌቭ መሣሪያ ለብብት ላብ ተፈቀዱ። ቶክሲኑ የሚሠራው ለላብ ዕጢዎች መልእክት የሚያደርሰውን አሴቲልኮሊን በማገድ ሲሆን፣ ከወራት በኋላ ኃይሉ ያልቃል።

ይህ ታሪክ ለመሐል ሜዳም ሆነ ለዓለም ከተማ የጤና ባለሙያ ግልጽ ትምህርት አለው፤ ሊመለስ የማይችለው እርምጃ የመጨረሻው መሆን ይገባዋል። በቅድሚያ መንስኤው ይለይ። ሌሊት የሚያልበው፣ የሚያስለውና የሚከሳው ሕመምተኛ ለሳንባ ነቀርሳ፣ ልቡ የሚመታበትና እጁ የሚንቀጠቀጠው ደግሞ ለእንቅርት ዕጢ በሽታ መመርመር አለበት። ራሱን የቻለ የላብ ብዛት ግን በአብዛኛው በወጣትነት ይጀምራል፣ ሁለቱንም ብብት ይይዛል፣ በእንቅልፍም ይቆማል። የሚያልበውን ቦታ ለመለየት ሩሲያዊው ሚኖር በ1920ዎቹ ያስተዋወቀው ምርመራ ዛሬም ይሠራል፤ ብብቱ ደርቆ አዮዲን ይቀባል፣ አዮዲኑ ሲደርቅ ስታርች ይነሰነስበታል፣ ላብ የነካው ቦታ ወደ ጥቁር ሐምራዊ ይለወጣል። ሕክምናው ማታ በደረቀ ቆዳ ላይ በሚቀባ አሉሚኒየም ክሎራይድ ይጀመራል። ይህ ካልበቃ በቆዳው ላይ የሚደረጉት አማራጮች ይከተላሉ። ደረት ውስጥ የሚገባው ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው እነዚህ ሁሉ ሳይረዱ ሲቀሩና ሕመምተኛው ስለ ማካካሻ ላብ በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት ሲስማማ ብቻ ነው።