የመዝናኛ ጀልባ ደህንነት

የመዝናኛ ጀልባ ደህንነት ለሽርሽር፣ ለስፖርት ወይም ለዓሣ ማጥመድ የሚነዱ ትንንሽ ጀልባዎች ሊይዟቸው የሚገቡ መሣሪያዎችንና ውኃ ላይ ሲተላለፉ የሚያከብሯቸውን ሕጎች ይመለከታል። የመተላለፊያ ሕጉ መሠረት በ1972 እ.ኤ.አ. የጸደቀውና በ1977 ሥራ ላይ የዋለው የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። የመሣሪያውን ዓይነት ግን አገሮች በየራሳቸው ሕግ ይወስናሉ፤ እዚህ የአሜሪካው በምሳሌነት ቀርቧል።

ከመሣሪያ ሁሉ የሚቀድመው ላይፍ ጃኬት ነው። በአሜሪካ ሕግ ጀልባው ላይ ላለው ሰው ሁሉ በልኩ አንድ አንድ መኖር አለበት። ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ክፍት በሆነው የጀልባው ክፍል ላይ ተሳፍሮ ሲጓዝ ለብሶት መሆን ይገባዋል። አዋቂው ግን በአብዛኛው መልበስ አይገደድም፤ ብዙ ሕይወት የሚጠፋውም በዚህ ክፍተት ነው። የአገሪቱ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ኃይል በየዓመቱ በሚያወጣው ዘገባ፣ በመዝናኛ ጀልባ አደጋ ከሚሞቱት የሚበዙት በመስጠም ይሞታሉ፤ ከሰጠሙትም አብዛኞቹ ጃኬት አላደረጉም። ድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው ሳይወድ በግድ በኃይል አየር ይስባል። በዚያች ቅጽበት አፉ ከውኃ በታች ከሆነ ጎበዝ ዋናተኛም ሊሰጥም ይችላል። ከመቀመጫ ሥር የተቀመጠ ጃኬት ያን ጊዜ አይደርስለትም።

ፊሽካ ወይም ጥሩምባ፣ የእሳት ማጥፊያ፣ በባሕር ዳርቻ ደግሞ የአደጋ ጥሪ ብርሃን እንደ ጀልባው መጠንና ዓይነት ይፈለጋሉ። ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ የጸናው የአሜሪካ ደንብ ርዝመታቸው ከ26 ጫማ በታች የሆኑ ብዙ ባለሞተር ጀልባዎችን ይመለከታል፤ ነጂው ሞተር የሚያጠፋውን ገመድ ወይም መሰል መሣሪያ ከራሱ ጋር እንዲያገናኝ ያስገድዳል። ነጂው ቢወድቅ ሞተሩ ይጠፋል፤ አለዚያ ባዶዋ ጀልባ ዞራ በፕሮፔለሯ ልትቆርጠው ትችላለች።

የመተላለፊያ ሕጉ አንኳር በዓይንም በጆሮም ያለማቋረጥ አካባቢን መቃኘትና ፍጥነትን እንደ ሁኔታው መመጠን ነው። ፊት ለፊት የተገናኙ ሁለት ባለሞተር ጀልባዎች ሁለቱም ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ። መንገዳቸው ሲቋረጥ ሌላውን በቀኙ የሚያይ ይለቅቃል። ከኋላ ደርሶ የሚያልፍ፣ ባለሸራም ቢሆን፣ ለሚታለፈው መንገድ ይሰጣል። የሌሊት መብራቱም ከዚሁ ጋር የተስማማ ነው፦ በጀልባ ግራ ቀይ፣ በቀኝ አረንጓዴ፣ በኋላ ነጭ ይበራል። ከቀኝ በኩል የምታቋርጥ ጀልባ የምታሳየው ግራ ጎኗን ነውና ቀይ ብርሃን ይታያል፤ ስለዚህ ቀዩን ያየ ይለቅቃል። አንድ አጭር ጥሩምባ «ወደ ቀኝ እየታጠፍኩ ነው» ማለት ሲሆን፣ አምስትና ከዚያ በላይ ፈጣን ድምፅ የሌላው አካሄድ ማሳሰቡን ይገልጻል። ቅድሚያ ያለውም ቢሆን ግጭቱ በሌላው እርምጃ ብቻ የማይቀር ከሆነ ለማስቀረት የሚችለውን ማድረግ ግዴታው ነው።

ስምምነቱ የሚሠራው በባሕርና ከባሕር ጋር ተያይዘው ባሕር ተጓዥ መርከቦች በሚደርሱባቸው ውኆች ላይ ነው፤ በዚህ የተነሳ ጣናን አይመለከትም። ሥርዓቱ ግን እዚያም ይጠቅማል። ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ከውኃው ብዙም ከፍ አይልም፤ መብራትም ስለሌለው በምሽት አይለይም። ባለሞተሩ ፍጥነቱን ቀንሶ ርቆ ይለፈው። ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት የሚሻገር መንገደኛም ጀልባው ሳይነሳ ጃኬት ይጠይቅ፤ ያገኘውንም እዚያው ይልበስ።