ሂና፣ እንሶስላና የዒድ ዋዜማ ቀለም



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አድማጮቻችን፤ ዒድ ሲቃረብ በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ለእኛ ለኢማሞች ደጋግመው ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱ የፀጉር ቀለም ጉዳይ ነው። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ እናቶች ናቸው። ልጅቷ ለዒድ ብላ ቤት ውስጥ ፀጉሯን ቀለም ትቀባለች፤ “ለጨዋታ ነው፣ ታጥቦ ይለቃል” ትላለች። አባት “ይህ የካፊር ሥራ ነው” ብሎ ይቆጣል። እናት በሁለቱ መካከል ትጨነቃለች። በዓሉም በኩርፊያ ይገባል። ስለዚህ ሐላል ነው ወይስ ሐራም ከማለታችን በፊት፣ ቀለም በሙስሊም ቤት ውስጥ ያለውን ታሪክ አብረን እንመልከት።

ፀጉርን ማቅለም ከትናንት ወዲህ የመጣ ነገር አይደለም። ሂና ቅጠሉ ደርቆ፣ ተፈጭቶና በውኃ ተለውሶ የሚቀባ ተክል ነው። በጥንታዊት ግብፅ በተገነዙ አስከሬኖች ፀጉር ላይ እንኳ ቀለሙ ተገኝቷል። ዐረቦችም ከእስልምና በፊት ያውቁት ነበር። እስልምና ሲመጣ ይህን ልማድ አልሻረውም፤ መልክ አስያዘው እንጂ።

በስምንተኛው ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. በ630) መካ በተከፈተች ጊዜ የሆነውን እናስታውስ። የአቡበክር (ረ.ዐ) አባት አቡ ቁሓፋ በዚያን ጊዜ በዕድሜ የገፉ ሽማግሌ ነበሩ። ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲመጡ ፀጉራቸውና ጺማቸው ሰጋማ እንደሚባለው ነጭ ተክል ሆኖ ነበር። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሽበት በአንድ ነገር እንዲለውጡት፣ ጥቁርን ግን እንዲርቁ አዘዙ። ይህን ሙስሊም ዘግበውታል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሌላ ሐዲስ ደግሞ አይሁዶችና ክርስቲያኖች ሽበታቸውን ስለማይቀቡ ሙስሊሞች በዚህ እንዲለዩ ታዘዋል። እንግዲህ “ቀለም መቀባት የካፊር ሥራ ነው” የሚለው አባት ይህን ልብ ይበል። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ሽበትን መቀባት ሙስሊሙን ከሌላው የሚለይ ምልክት ነበር።

ባልደረቦቻቸውም በተግባር አሳይተዋል። አነስ (ረ.ዐ) እንደነገሩን አቡበክር (ረ.ዐ) በሂናና በከተም ይቀቡ ነበር፤ ዑመር (ረ.ዐ) ደግሞ በሂና ብቻ። ከተም የየመን ተክል ሲሆን ከሂና ጋር ሲቀላቀል ወደ ጥቁር የሚያደላ ቡናማ ይሰጣል። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሽበት ግን ሃያ እንኳ የማይሞላ ስለነበር አነስ (ረ.ዐ) አልተቀቡም ይላሉ። በሌላ በኩል ባለቤታቸው ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ከእርሳቸው ፀጉር አስቀምጠው የነበረውን አውጥተው ሲያሳዩ ቀላ ያለ ሆኖ መታየቱን ቡኻሪ ዘግበዋል። ዑለማዎች ሁለቱን ዘገባዎች ለማስታረቅ ብዙ ጽፈዋል።

ስለ ጥቁር ቀለምም ዑለማዎች አንድ ቃል አልተናገሩም። በእኛ አካባቢ የምንከተለው የሻፊዒይ መዝሀብ ታላቅ ሊቅ ኢማም ነወዊ (በ676 ዓመተ ሒጅራ የሞቱት) ትክክለኛው አቋም ክልክልነቱ ነው ብለዋል። የተጠላ ነው በማለት ብቻ የወሰኑም አሉ። ኢብኑል ቀይም ደግሞ ከሰሓቦች መካከል በጥቁር እንደተቀቡ የተዘገበላቸውን ዘርዝረዋል። የከለከሉት ከጠቀሷቸው ምክንያቶች አንዱ ማታለል ነው። ለትዳር የታጨ ሰው ዕድሜውን ደብቆ ወጣት መስሎ እንዳይቀርብ ነው። ቀይ፣ ብርቱካንማ ወይም ቡናማ ፀጉር ግን ቀለም መሆኑ ለማንም ግልጽ ነው፤ ማንንም አያታልልም።

“ለጨዋታ” የሚለውስ? በዒድ ቀን ሐበሾች በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ በጦር ሲጫወቱ፣ እርሳቸው እናታችንን ዓኢሻን (ረ.ዐ) ከልለው እስኪበቃቸው ድረስ እንዲያዩ አድርገዋል። እነዚያ ተጫዋቾች የእኛው አገር ሰዎች ነበሩ። በዚሁ ዲን ውስጥ ለበዓል መደሰትና ማጌጥ ቦታ አለው። አላህም (ሱ.ወ) በአል-አዕራፍ ምዕራፍ (7፡32) ለባሮቹ ያወጣውን ጌጥ እርም የሚያደርጉትን ወቅሷል።

አሁን ወደ ቀያችን እንመለስ። ከተሞቻችን ዛሬ በሁለት ዞን ይቆጠራሉ፤ ወልቂጤ በጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ በምሥራቅ ጉራጌ ዞን። የአረፋ ናፍቆታቸው ግን አንድ ነው። ለአረፋ ሰዉ ከአዲስ አበባና ከየሄደበት ወደ ትውልድ ቀዬው ይጎርፋል፤ ቤቱ ይሰናዳል፣ ክትፎው ይዘጋጃል፣ ሴቶችም ያጌጣሉ። ለዚህ ጌጥ የአገራችን ደጋ የራሱ ተክል አለው፤ እንሶስላ ይባላል። በወንዝ ዳርና እርጥበት ባለው ጥላ ሥር ይበቅላል። ሥሩ ተቆፍሮ፣ ተወቅጦ በእጅና በእግር ላይ ይደረግና ተጠቅልሎ ያድራል። በማግስቱ ሲፈታ ቆዳው ቀልቶ ይገኛል፤ ከሳምንታት በኋላም በራሱ ይለቃል። የኬሚስትሪ ሊቃውንት ሥሩን ሲመረምሩ ያገኙት ቀለም ሰጪ ንጥረ ነገር ከሂናው ጋር ከአንድ ቤተሰብ የሚመደብ ነው። አላህ (ሱ.ወ) ለቆላውና ለደጋው በየራሱ ተክል ተመሳሳይ ጌጥ መስጠቱን እዩ። እንሶስላን ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ይጠቀሙበታል። ነገር ግን እነርሱ ስለሚጠቀሙበት እናቶቻችን አልተዉትም። የአገር ልማድ የሆነ ጌጥ ሁሉ ሃይማኖትን መምሰል አይደለምና።

ሂና ደግሞ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል፣ በሐረርና በድሬዳዋ፣ ከጥንት ጀምሮ የሠርግና የዒድ ጌጥ ነው። በዚያ ጺማቸውን በሂና ያቀሉ አዛውንት ማየት የተለመደ ነው። የባቡሩ መስመር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ደረሰና የምሥራቁን ንግድ ከመሐል አገር ጋር አቀራረበ። በጣሊያን ወረራ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941) የተመሠረተው መርካቶ ደግሞ የጉራጌ ነጋዴ የላቡን ፍሬ ያየበት ሆነ። የዱቄት ሂናም ዛሬ በየሱቁ እንደሚታየው የቤት ዕቃ ሆኗል።

ውድ አድማጮቻችን፤ እስካሁን የነገርናችሁ ደስ የሚያሰኝ ታሪክ ነው። ቀጥሎ ያለው ግን ሊያስጠነቅቀን ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1907 ኡዤን ሹዌሌር የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት የፀጉር ቀለም ቀምሞ ለፓሪስ ፀጉር ሠሪዎች መሸጥ ጀመረ። ሎሬያል የተባለው ኩባንያም ከእርሱ ሥራ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ፀጉር ማቅለም የፋብሪካ ሥራ ሆነ። ብዙዎቹ ጥቁር ቀለሞች የሚሠሩት ፓራ-ፌኒሊን-ዲያሚን በሚባል፣ በአጭሩ ፒ.ፒ.ዲ. በሚሉት ኬሚካል ነው። ይህ ኬሚካል “ጥቁር ሂና” በሚል ስም በሚሸጠውም ውስጥ ይገኛል።

በጎረቤታችን ሱዳን የሆነውን ስሙ። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ አንድ የሐኪሞች ጥናት በካርቱም ከሂና ጋር በተቀላቀለ በዚህ ኬሚካል የተመረዙ 31 ሕፃናትን ታሪክ ዘግቧል። ፊታቸውና አንገታቸው እያበጠ ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር፤ በርካቶቹም ሞተዋል። ኬሚካሉ ቆዳ ላይ ሲቀባም ማሳከክ፣ ማቃጠልና ጠባሳ ሊያመጣ ይችላል። የአውሮፓ ሕግ ይህን ኬሚካል ለፀጉር ቀለም ከመቶ ሁለት እጅ እንዳያልፍ ገድቦታል፤ በቆዳ ላይ መቀባቱንም አልፈቀደም። እዚያ የሚሸጡት የዚህ ዓይነት ቀለሞች ማሸጊያም ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የታሰቡ እንዳልሆኑ ይናገራል። እኛ ቤት ግን የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጅ እጇን ዘርግታ ትቀባለች።

እንዴት እንለየው? እውነተኛው ሂና ዱቄቱ አረንጓዴያማ ነው፤ የደረቀ ሣር ሽታ አለው፤ ቀለሙን ለመስጠት ሰዓታት ይፈልጋል፤ የሚሰጠውም ብርቱካንማ ወይም ቀይ ቡናማ ነው። ብቻውን ጥቁር ቀለም አይሰጥም። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ድቅድቅ ያለ ጥቁር የሚያወጣ “ሂና” ካያችሁ ሌላ ነገር ተጨምሮበታል። ይህን ለልጆቻችሁ አትቀቡ፤ ሕፃን በሚደርስበት ቦታም አታስቀምጡ። የፋብሪካ ቀለም የሚጠቀም አዋቂም ቢሆን አስቀድሞ በትንሽ የቆዳ ክፍል ላይ ሞክሮ ለሁለት ቀን ይጠብቅ።

እንግዲህ ያቺ እናት የጠየቀችንን እንመልስ። ልጅቷ ለዒድ ብላ ፀጉሯን በሂና ወይም ጉዳት በሌለው ቀለም ብታስጌጥ በመሠረቱ አይከለከልም። ሦስት ነገሮችን ግን ትጠብቅ። አንደኛ፣ ጥቁርን ትራቅ፤ ቀለሙም ለማታለል አይሁን። ለአካለ መጠን ከደረሰች ደግሞ ጌጧ ለቤተሰቧና ለሴቶች እንጂ ለባዕድ ወንድ ዓይን አይደለም። ሁለተኛ፣ የሚቀባው ነገር ሰውነትን የማይጎዳ ይሁን፤ ራስን መጉዳት በዲናችን የተከለከለ ነውና። ሦስተኛ፣ ውኃን አይከልክል። ሂና ልቁጡ ከታጠበ በኋላ የሚቀረው ቀለሙ ብቻ ስለሆነ ትጥበትን አያበላሽም። በአንድ እጥበት የሚለቁት፣ እንደ ሰም የሚለጠፉት ወይም በስፕሬይ የሚነፉት ቀለሞች ግን ፀጉሩን የሚሸፍን ነገር ከፈጠሩ ለጉስል መነሳት አለባቸው።

አባቶችም ሆይ፤ ሳትጠይቁ አትቆጡ። ልጃችሁን ጠርታችሁ ምን እንደቀባች እዩ፤ ዕቃውን አምጪ በሏት፣ አብራችሁ አንብቡት። ጎጂ ከሆነ ምክንያቱን ነግራችሁ ከልክሏት። ሂና ከሆነ ግን አቡበክርና ዑመር (ረ.ዐ) የተቀቡት ቀለም መሆኑን ንገሯት። ከቁጣችሁ ይልቅ ይህን ታሪክ ስታስታውስ ትኖራለች።

አላህ (ሱ.ወ) ቤቶቻችንን በሰላም፣ ልጆቻችንን በጤና ይጠብቅልን። ዒዶቻችንን የደስታ ያድርግልን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።