ከቤተሰብሽ ነስር ያለበት አለ?

እኔ የምሠራው አቡዳቢ ነው፣ ጓደኛዬ ደግሞ አል ዓይን። ባለፈው ዓመት ልብስ ስትተኩስ ኃይለኛ ራስ ምታት ይዟት ወደቀች። ሆስፒታል በሲቲ ስካን ሲያዩዋት አንጎሏ ውስጥ የተጠላለፈ የደም ሥር ተገኘ፤ ትንሽ ደምም ፈስሷል። ሐኪሙ «ከቤተሰብሽ ነስር ያለበት አለ?» አላት። እሷን ከልጅነቷ ጀምሮ ይነስራታል፣ እናቷንም እንደዚያው። ግን «ማንም የለም» አለች። ከዘሯ በሽታ አለ ከተባለ ወደ አገር የሚመልሷት መስሏት ነው። እኔም ብሆን ያንኑ እል ነበር።

በእረፍት ቀኔ ልጠይቃት ስሄድ ይህን ነገረችኝ። አንጎሉን የታመመ ሰው ስለ አፍንጫ ለምን ይጠየቃል? ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

እህቶቼ፣ ጥያቄው ለካ ትልቅ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1865 ባቢንግተን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነስር በዘር የሚወርድበትን አንድ ቤተሰብ ጻፈ። በ1896 ፈረንሳዊው ሬንዱ ይህ ነገር ደም አልረጋ ከሚልበት በሽታ የተለየ መሆኑን አሳየ። በ1901 ኦስለር፣ በ1907 ዌበር ጨመሩበት። በሽታው እስከ ዛሬ በሦስቱ ስም ይጠራል።

እኔ ያቆምኩት አሥረኛ ክፍል ነው፤ የተማርኩት ግን ጠቀመኝ። ደም ከልብ በደም ቅዳ ይወጣል፣ በደም መልስ ይመለሳል። በመሀል እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሥሮች አሉ፤ ግፊቱን የሚያበርዱት እነሱ ናቸው። በዚህ በሽታ አንዳንድ ቦታ ላይ ቀጫጭኖቹ የሉም፣ ደም ቅዳው በቀጥታ ከደም መልሱ ጋር ይገናኛል። አፍንጫ ላይ ሲፈነዳ ነስር ነው፤ አንጎል ውስጥ ከሆነ ሊገድል ይችላል። ከአሥሩ በሽተኛ አንዱ ገደማ አንጎሉ ውስጥ አለበት።

ምክንያቱ የታወቀው ቆይቶ ነው። በ1994 ኢንዶግሊን የሚባለውን ፕሮቲን የሚያሠራው ጂን ሲበላሽ በሽታው እንደሚመጣ ተደረሰበት። ልጅ ከታመመ ወላጁ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። በ2011 ደግሞ እዚሁ አል ዓይን፣ በኤምሬትስ ዩኒቨርሲቲ፣ ባሳም አሊና ባልደረቦቹ አንድ ነገር አሳዩ። አንዳንዱ ኢንዶግሊን ቅርጹ ተበላሽቶ ሲሠራ ሴሉ ራሱ ይፈትሸውና አያሳልፈውም። እኛ ያጠፍነውን ልብስ ማዳም «አልተስተካከለም» ብላ እንደምትመልሰው ማለት ነው። ፕሮቲኑ ውስጥ ታግቶ ይቀራል፣ ሥራው ግን ያለው ከሴሉ ላይኛው ገጽ ላይ ነው። ይህ የተጠናው ጓደኛዬ ወለል በምትወለውልበት ከተማ ነው!

የተጠላለፈ የአንጎል ሥር ሁሉ ግን በዘር አይመጣም። በ2018 የወጣ የካናዳና የፊንላንድ ሕመምተኞች ጥናት በብዙዎቹ ላይ የጂን ለውጡን ያገኘው በተጠላለፈው ሥር ውስጥ እንጂ በደማቸው ውስጥ አይደለም። እንዲህ ያለው ለልጅ አይተላለፍም። ሐኪሙ የጠየቀው ለዚህ ነው። መልሱ የሚነካው እሷን ብቻ ሳይሆን እናቷንም እህቶቿንም ነው።

ጓደኛዬ ተመልሳ እውነቱን ተናገረች። ሐኪሙም አላባረራትም፤ «ቤተሰቦችሽም ይታዩ» አላት። ማታ እናቷ ጋ ደወለች። እናትየው ሁልጊዜ ፀሐይ ነው እያሉ ራሳቸው ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ሲያፈሱ የኖሩ ናቸው። ትንሽ ዝም ብለው «የእኔም እናት እንዲሁ ነበረች» አሉ።

እናንተም ወደ ቤት ስትደውሉ ጠይቁ።