ፋይልን በመካከለኛ ሰርቨር ማስተላለፍ

ፋይልን በመካከለኛ ሰርቨር ማስተላለፍ፣ በቀጥታ መገናኘት የማይችሉ ሁለት ኮምፒውተሮች ሁለቱም በሚደርሱበት ሦስተኛ ኮምፒውተር በኩል ፋይል የሚለዋወጡበት ዘዴ ነው። በሊኑክስ ሥራው በአብዛኛው የሚከናወነው በተመሰጠረ መስመር ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በሚያገናኘው በኤስኤስኤችና ፋይል በሚገለብጠው በአርሲንክ ነው። ኤስኤስኤችን ፊንላንዳዊው ታቱ ዩሎነን እ.ኤ.አ. በ1995፣ አርሲንክን ደግሞ አንድሪው ትሪጅልና ፖል ማከራስ በ1996 ለተጠቃሚ አቀረቡ።

ኮምፒውተሮቹ በቀጥታ የማይገናኙበት ችግር የሚነሳው ከኢንተርኔት አድራሻ እጥረት ነው። አይፒ ቪ 4 ያለው አድራሻ 4.3 ቢሊዮን ስለማይሞላ የሞባይል ኦፕሬተሮች አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኛ ያጋራሉ፤ ከ100.64.0.0 እስከ 100.127.255.255 ያለው ክልል እ.ኤ.አ. በ2012 የተመደበው ለዚሁ ነው። በዚህ መስመር ላይ ያለ ላፕቶፕ ወደ ውጭ ግንኙነት ይከፍታል፤ ከውጭ የሚመጣ ግንኙነት ግን አይደርሰውም።

ከአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አንድ ተመራማሪ 4 ጊጋባይት የዝዋይ ሐይቅ የሳተላይት ምስል ባቱ ላለ ባልደረባው ይልካል እንበል። ሁለቱም በሞባይል ዳታ ከሆኑ ቀጥታ መንገድ የላቸውም። ከአዳማ ተነስቶ በሞጆ አድርጎ ወደ መቂና ባቱ እንደሚወርድ ጭነት፣ ፋይሉም በመሀል አንድ ቦታ መንካት አለበት። ጭነቱ ሞጆን አልፎ መሄድ ወይም ደረቅ ወደቡ ላይ ማረፍ ይችላል፤ ፋይሉም እንዲሁ ሁለት አማራጭ አለው።

በማለፊያው መንገድ የባቱው ላፕቶፕ አስቀድሞ ወደ ሰርቨሩ የተገላቢጦሽ መስመር ይከፍታል፤ ለምሳሌ የሰርቨሩ ፖርት 2222 ወደ ላፕቶፑ ፖርት 22 እንዲመራ ያደርጋል። ላኪው በሰርቨሩ ተሻግሮ በዚያ ፖርት ይገባል። ይህን በአንድ ትእዛዝ የሚያሳጥረው ፕሮክሲጃምፕ እ.ኤ.አ. በ2016 በኦፕንኤስኤስኤች 7.3 መጣ። ፋይሉ በሰርቨሩ ዲስክ ላይ አይቀመጥም፤ ምስጠራውም ከላኪ እስከ ተቀባይ ስለሚዘልቅ፣ ላኪው የተቀባዩን ቁልፍ አስቀድሞ እስካረጋገጠ ድረስ የሰርቨሩ ባለቤት ይዘቱን አያነብም። ጉድለቱ ሁለቱም ላፕቶፖች በአንድ ጊዜ ክፍት መሆን ያለባቸው መሆኑ ነው። አዳማ መብራት ሲመጣ ባቱ ሊጠፋ ይችላል።

ስለዚህ ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች ማረፊያው መንገድ ይሻላል። ላኪው ሲመቸው ይጭናል፤ ተቀባዩ ሲመቸው ያወርዳል። በሰከንድ 4 ሜጋቢት በሚያልፍ መስመር 4 ጊጋባይት ለመጫን ብቻ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ በመሀል መቆራረጡም የተለመደ ነው። እዚህ ላይ የአርሲንክ ጥቅም ጎልቶ ይታያል፤ ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። አርሲንክ መስመር ሲቋረጥ ግማሽ የደረሰውን ፋይል እንደ ልማዱ ይሰርዘዋል። «ፓርሻል» የተባለው አማራጭ ከትእዛዙ ጋር ከተጻፈ ግን የደረሰው ይቀራል፤ ትእዛዙ ሲደገም የጎደለው ብቻ ይላካል። ያለዚህ ቃል የጭነቱ ሰዓትና የተገዛው የዳታ ጥቅል ከንቱ ይቀራሉ።

ሰርቨሩን አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ ካሉት እንደ ራክሲዮና ዊንጉ ካሉ የመረጃ ማዕከሎች ወይም ከውጭ አገር መከራየት ይቻላል። የትም ይሁን፣ ያረፈ ፋይል ለሰርቨሩ አስተዳዳሪ ክፍት ስለሆነ ምስጢራዊ መረጃ ከመጫኑ በፊት በጂፒጂ ይመሰጠራል። ተቀባዩ ካወረደ በኋላ ፋይሉ ሳይለወጥ መድረሱን የሚያሳየውን የሻ 256 ቁጥር ከላኪው ጋር ያመሳክራል፤ ከተስማማ የሰርቨሩ ቅጂ ይሰረዛል።