የማትሪክ እንግሊዝኛ፦ ከለንደን ወረቀት እስከ ሪሚዲያል ክፍል

«ልጄ ዘንድሮ ማትሪክ ሊወስድ ነው» የሚል ወላጅ ዛሬም በየሰፈሩ አለ። ማትሪክ የሚባለው ፈተና ግን ከቀረ ስንት ዘመኑ! በኛ ጊዜ እንኳ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው የትምህርት ቤት መልቀቂያ ፈተና የሚል ነበር። ከዚያ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናና የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና መጡ፤ የ10ኛው ደግሞ እንደገና ቀረ። ስሙ ይህን ያህል ሲለዋወጥ ሕዝቡ «ማትሪክ»ን አልለቀቀም። ቃሉ የመጣው ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ማትሪኩሌሽን ነው፤ እንግሊዞቹ ሄደው፣ ወረቀታቸውም ቀርቶ፣ ስሙ እኛ ዘንድ ቀረ።

የመጽሔቱ አዘጋጆች ስለ ተማሪነት ዘመናችን ታሪክ ነክ ነገር እንድጽፍ ሲጠይቁኝ፣ ስለ ካፌውም፣ ስለ ዶርሙም፣ ስለ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍትም የሚጽፍ እንደማይጠፋ ስለማውቅ እኔ ከግቢው አጥር ውጪ ያለውን መረጥኩ። ሁላችንም ወደ ስድስት ኪሎም ሆነ ወደ አራት ኪሎ ከመግባታችን በፊት አንድ ዓመት፣ አንዳንዶቻችን ሁለትና ሦስት ዓመት፣ በእንግሊዝኛ ግራመር፣ በቮካብና በፓሳጅ ስንታሽ ከርመናል። የዩኒቨርሲቲያችን ታሪክ ሲጻፍ ይህ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘለላል። እኔ ግን ግቢ ውስጥ ለተፈጠረው ብዙ ነገር ሥሩ እዚያ ያለ ይመስለኛል።

ከጣሊያን ወረራ በፊት የዘመናዊ ትምህርት ቋንቋ በአብዛኛው ፈረንሳይኛ ነበር። በ1900 ዓ.ም. በተከፈተው በዳግማዊ ምኒልክም፣ በ1917 በተከፈተው በተፈሪ መኮንንም ከውጭ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛው ያይል ነበር። በ1933 ነጻነት ሲመለስ እንግሊዞች አብረው ስለገቡ ነገሩ ተገለበጠ። ኮተቤ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም.፣ ጥቂት ቆይቶም ጄኔራል ዊንጌት ተከፈቱ፤ የነዚህ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ይዘጋጁ የነበረው ለለንደኑ ፈተና ነው። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ሲጀመር ደግሞ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ሆነ። ዶክተር ማት የካናዳ ጀስዊት ናቸው፣ ያውም ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ከሆነው ከኩቤክ ወገን። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች በእንግሊዝኛ የሚመሩት ኮሌጅ! አንዳንዴ ታሪክ እንዲህ ይቀልዳል።

የለንደኑ ወረቀት ተማሪውን ያስጽፈው ነበር። ድርሰት አለ፣ ረጅሙን ጽሑፍ አሳጥሮ በራስ ቃል መጻፍ አለ። ጥቂት ተማሪ ላለበት አገር ይህ አይከብድም፤ አራሚው ቁጭ ብሎ ያነባል። ፈተናው የራሳችን ሆኖ ተፈታኙ ሲበዛ ግን የሁሉንም ድርሰት ማን ያንብበው? ምርጫ ጥያቄ ቀስ በቀስ ቦታውን ያዘ። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። እርሳስ፣ ላጲስ፣ ማጥቆር። ምክንያቱ ይገባኛል፣ በዚያ ቁጥር ሌላ መንገድ መኖሩንም እጠራጠራለሁ። ነገር ግን ብዕሩ ከፈተናው ሲወጣ ከትምህርት ክፍሉም አብሮ ወጣ፤ ለማይጠየቅ ነገር ማን ይለፋል?

በ1955 የትምህርት ዘመን መግቢያ ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አስተማሪዎች መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ተበተኑ። ሕንዳውያን መምህራንም በየትምህርት ቤቱ ነበሩ። ታላላቆቻችን ሲያወጉን ፊዚክስን በሕንድ እንግሊዝኛ፣ ጂኦግራፊን በአሜሪካ እንግሊዝኛ ተምረው፣ ግራመሩን ከእንግሊዝ መጽሐፍ አጥንተው ነው የተፈተኑት። ከዚያ በ1967 የዕድገት በኅብረት ዘመቻ መጣና የዩኒቨርሲቲውም፣ የ11ኛና 12ኛ ክፍሉም ተማሪ ገጠር ወረደ። የዚያ ትውልድ ሰዎች ታሪኩን ከኔ የተሻለ ጽፈውታል፣ አልደግመውም።

እኔ ማትሪክ የወሰድኩት በ1975 ዓ.ም. ከደሴ ነው። አምስት ሆነን እናጠና ነበር፤ መብራት ካለ አንዳችን ቤት፣ ከጠፋ በኩራዝ። የደሴን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ከጦሳ የሚወርደው ነፋስ ጋቢ ደርበውም አይቻልም። መጽሐፋችን «ኢንግሊሽ ፎር ኒው ኢትዮጵያ» ነበር፤ እውነተኛው መጽሐፋችን ግን የድሮ ፈተና ነው። የባለፉት ዓመታት ጥያቄዎች በሮኒዮ ተባዝተው፣ ወይ ተፈታኝ የነበረ ሰው በቃሉ ይዞ የወጣውን ጽፎት፣ ከአዲስ አበባ በዘመድ በኩል ይደርሱናል። እኛ ደግሞ በደብተር እንገለብጣቸዋለን። በየምሽቱ አንዱ ጥያቄ ያነባል፣ ሌላው ይመልሳል፣ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ካለ ክርክር ይነሳል። ክርክሩ ነበር ትምህርቱ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ያ ዝግጅት አማርኛችንንም ያስተማረን ይመስለኛል። «ትናንት አይቼዋለሁ» በአማርኛ ምን ነውር አለው? ምንም። በእንግሊዝኛ ግን «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርዴይ» ካልክ ወደቅክ፤ «የስተርዴይ» ካለ «ሃቭ» አይገባም። ፈተና አውጪዎቹ ይህን ያውቁታል፣ በየዓመቱ ከአማራጮቹ አንዱ እሱ ነው። «ሪፖርትድ ስፒች»ም እንደዚሁ። አማርኛ የሰውን ንግግር እንደተናገረው ያቆየዋል፦ «ነገ እመጣለሁ አለ» ስንል «እመጣለሁ» ያለው ሰውዬው ራሱ ነው፣ ቃሉን አልነካንበትም። እንግሊዝኛው ሁሉን ይነካካል። «እኔ» «እሱ» ይሆናል፣ ግሡ አንድ እርምጃ ወደኋላ ይሸሻል፣ «ነገ» ራሱ «በማግስቱ» ይሆናል። ከመካከላችን አንዱ «ታዲያ ሰውዬው ያላለውን ነው እኮ አለ የሚሉት!» ብሎ ተናዶ ደብተሩን የከደነው እስከ ዛሬ ያስቀኛል። «ታግ ኩዌስችን»ማ ሌላ ጣጣ ነው። አማርኛ ለሁሉም አንድ «አይደል?» ይበቃዋል። እንግሊዝኛው ለ«ኢዝ» «ኢዝንት»፣ ለ«ካን» «ካንት»፣ አረፍተ ነገሩ ውስጥ «ኔቨር» ካለ ደግሞ ተገልብጦ... «ተጋባ» የሚለው ግስ «ከእገሌ ጋር» ስለሚል ተማሪው ሁሉ «ማሪድ ዊዝ»ን ያጠቁራል፤ መልሱ «ማሪድ ቱ» ነው። እነዚህን ያወጣ ሰው አማርኛን ጠንቅቆ የሚያውቅ መሆን አለበት ብዬ ሁሌም አስባለሁ። ወጥመዱ የተጠመደው በኛው ቋንቋ መሄጃ ላይ ነበር።

ቮካቡ በሽምደዳ ነው። የአምሳሉ አክሊሉና የሞስባክ የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1973 የታተመው፣ ከአምስታችን በአንዱ ቤት ነበረ፤ በተራ እንዋሳለን። ዶክተር አምሳሉ እዚሁ ዩኒቨርሲቲያችን ያስተምሩ እንደነበር ያወቅሁት ከገባሁ በኋላ ነው። ለንባብ የምናገኘው «ዘ ኢትዮጵያን ሄራልድ»ን ነው፣ እሱም ደሴ ሲደርስ ቀኑ አልፎበት። ያኔ ጋዜጣው ምን ይጽፍ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። የ«ፕሮሌታሪያት»ን ስፔሊንግ አሳምረን እናውቃለን፤ ወንፊት በእንግሊዝኛ ምን ይባላል ቢሉን ግን ዝም። ለፓሳጁ ደግሞ ዘዴ ነበረን፦ መጀመሪያ ጥያቄውን አንብብ፣ ቀጥሎ መልሱን ጽሑፉ ውስጥ ፈልግ፣ የቀረውን ዝለል። ለፈተና ግሩም ዘዴ ነው። ለንባብ ግን መርዝ ነው፤ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ማንበብን ብዙዎቻችን የተለማመድነው ከዚያ ወዲያ፣ በግድ ነው።

ከአምስታችን ያለፍነው ሁለት ነን። በሒሳብ ማንም የማይደርስበት ጓደኛችን እንግሊዝኛው ጣለው። በያኔው አሠራር እንግሊዝኛ ኤፍ ይዞ ዩኒቨርሲቲ መግባት የማይታሰብ ነው። በማግስቱ ዓመት ፕራይቬት ወሰደ፣ አሁንም እንግሊዝኛው። ተወው። ኋላ የጄኔሬተርና የውኃ ፓምፕ ጠጋኝ ሆነ። እስከ ዛሬ ሠላሳና አርባ ገጽ የእንግሊዝኛ ማኑዋል ከፍቶ፣ ሥዕሉንም ጽሑፉንም አመሳክሮ ሞተር ይፈታል ይገጥማል። እንግሊዝኛ ማንበብ አይችልም ያለው ፈተና ነው፤ ሥራው ግን ሌላ ይላል።

ግቢ ከገባን በኋላ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ገጠመን። በማትሪክ እንግሊዝኛ ኤ ያመጣ ልጅ ፍሬሽማን ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ያቅተዋል፤ የላብራቶሪ ሪፖርት ጻፍ ሲባል የሌላውን ደብተር ይጠይቃል። ከአራት አማራጭ ትክክለኛውን ለይቶ ማወቅና ትክክለኛውን ከራስ ማውጣት ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። የፍሬሽማን እንግሊዝኛ አስተማሪዎቻችን ያን ክፍተት በአንድ ዓመት ለመሙላት የደከሙትን ድካም ማንም አላመሰገናቸውም።

እኛ ግቢውን ለቀን ስንወጣ አካባቢ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1986፣ ጆን ስቶዳርት የሚባል እንግሊዛዊ ባለሙያ በትምህርት ቤቶቻችን ስላለው እንግሊዝኛ ለትምህርት ሚኒስቴር ጥናት አቀረበ። ቋንቋው ማስተማሪያ መሆኑ ቀርቶ ማደናቀፊያ ሆኗል የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። ብዙ ሰው ያን ጊዜ ተቆጣ፣ ፈረንጅ ሰደበን ተባለ። እኔ የደሴውን ጓደኛዬን ነበር ያሰብኩት። እንግሊዝኛ በማትሪክ ከሚወሰዱት ትምህርቶች አንዱ ብቻ አይደለም እኮ። ባዮሎጂውም፣ ኬሚስትሪውም፣ ጂኦግራፊውም የተጻፈው በሱ ነው። ጥያቄውን ያላነበበ መልሱን ቢያውቅ ምን ይጠቅመዋል?

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሞክሯል። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃውን በአፍ መፍቻ ቋንቋ አደረገ፣ ሁለተኛ ደረጃውን በእንግሊዝኛ አቆየው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የድሮው ማትሪክ ቀርቶ የ12ኛ ክፍሉ መግቢያ ፈተና ተተካ። በ1997 አካባቢ በየክፍሉ ፕላዝማ ተሰቀለ፤ ከቴሌቪዥኑ የሚወጣው እንግሊዝኛ ለተማሪው ፈጠነ፣ ለአስተማሪውም ማቋረጫ አልነበረውም። በ2015 መጀመሪያ ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲሰጥ ከ896 ሺህ በላይ ተፈትነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ አልሞሉም፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነው ሪሚዲያል የሚባለው ፕሮግራም መጥቶ፣ ዛሬ አንዳንዶቻችሁ የምታስተምሩት፣ ቀሪዎቻችሁም ልጆቻችሁን የላካችሁበት።

ያ ውጤት በወጣ ሰሞን የድሮ ተማሪዎች በተገናኘንበት ሁሉ አንድ ዓይነት ወሬ ነበር። «በኛ ጊዜ እኮ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ እንግሊዝኛ ይናገር ነበር።» እኔ በዚህ አልስማማም። በኛ ጊዜ ለማትሪክ ለመቀመጥ የበቃው ልጅ ከዕድሜ እኩዮቹ ጥቂቱ ነበር፤ ከተቀመጠውም ብዙው ይወድቃል። እዚህ መጽሔት ላይ ፎቶግራፋችን የወጣው ወንፊቱ ያስቀረን ሰዎች ነን፣ ተሰብስበን ስናወራ ግን እንደ መላው ትውልድ ነው የምናወራው። የወደቁት ሦስት ጓደኞቼ እንደዚህ ያለ መገናኛ የላቸውም፤ «የኛ ጊዜ» ምን ይመስል እንደነበር የሚጠይቃቸውም የለም። በ3.3 በመቶ የደነገጠ ሰው የኛን ዘመን ውጤትም በዚያው ዓይን ቢያየው ጥሩ ነው።

ለዘንድሮ መምህራን አንድ ነገር ብቻ ልበል፣ ለምክር ሳይሆን እንዲያው ካየሁት። ሪሚዲያል ከገባች የወንድሜ ልጅ ጋር ደብተሯን ሳገላብጥ የግራመሩ ጥያቄ ያው የኛው ነው፤ «ማሪድ ዊዝ» እንኳ አልቀረም! ልዩነቱ ያገኘሁት ከኋላው ገጽ ላይ ነው። መምህሯ በየሳምንቱ አንድ ገጽ ያስጽፏታል፤ በቀይ እስክሪብቶ ያርሙታል፣ እሷም ደግማ ትጽፈዋለች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ከዓረፍተ ነገር ዓረፍተ ነገር ቀይ ነው። ስድስተኛው ላይ ቀዩ ቀንሷል፣ በዚያ ላይ ከመምህሯ ጋር ተከራክራ በኅዳጉ የጻፈችው «ለምን?» የሚል አለ። ስንት ተማሪ እንደሚያርሙ ጠየቅኋት። «ክፍሉን በሙሉ ጋሼ፣ ማታ ማታ ቤታቸው እየወሰዱ» አለችኝ።

ለመሰናበቻ አንድ ልመና አለኝ። የድሮዎቹ የእንግሊዝኛ ፈተናዎች፣ በተለይም ድርሰት ያለባቸው የቀድሞዎቹ፣ ከየቤቱ እየጠፉ ነው። ሮኒዮው ደብዝዟል፣ ደብተሩን አይጥ በልቶታል፣ ወይ ለሱቅ መጠቅለያ ተሰጥቷል። ከናንተ መካከል የታላቅ ወንድሙን፣ የአባቷን ወይም የራሱን ቅጂ ያስቀመጠ ካለ፣ በመገናኛችን ዕለት ይዞ ቢመጣ ፎቶ አንስተን እንመልሳለን። ከደሴ የገለበጥነው ደብተር ጠጋኙ ጓደኛዬ ዘንድ ነበር፣ ከማኑዋሎቹ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ። ደውዬ ስጠይቀው ትንሽ ዝም ካለ በኋላ «ውሰደው፣ ግን መልስልኝ» አለኝ። ሽፋኑ ላይ የአምስታችንም ስም አለ። ጠረጴዛው ላይ ታገኙታላችሁ።