ዞን 9፦ የተዘጋ ገጽና የተከፈተ የክስ መዝገብ

 

የዛሬው ታሪክ ሩቅ አይደለም፤ ብዙዎቻችሁ ያኔ በስልካችሁ ስትከታተሉት የነበረ ነው። ቶሎ የተበረዘውም ቅርብ ስለሆነ ይመስለኛል። ዞን 9 ሲባል ሰው ሁሉ "አዎ፣ እነዚያ የታሰሩት ልጆች" ይላል። ከዚያ በኋላ የሚወራው ግን ግማሹ እውነት፣ ግማሹ የሰሚ ሰሚ ነው። ዛሬ የሰሚ ሰሚውን አንድ በአንድ እናነሳለን።

ዳራውን በአንድ ትንፋሽ ልበለው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የግሉ ጋዜጣ ተዳከመ፣ በ2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ወጣ፣ በዚያው አዋጅ ጋዜጠኞቹ እነ እስክንድር ነጋና ርዕዮት ዓለሙ ቃሊቲ እስር ቤት ወረዱ። ይህ ይበቃናል፤ ወደ ልጆቹ እንሂድ።

በ2004 ዓ.ም. ጥቂት ወጣቶች ተሰብስበው ዞን 9 የሚባል ጦማር ከፈቱ። መፈክራቸው "ስለሚያገባን እንጦምራለን" የሚል ነበር። እነማን ነበሩ? ዘላለም ክብረት በአምቦ ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር ነበር። አቤል ዋበላ በኢትዮጵያ አየር መንገድ መሐንዲስ ነበር። ማሕሌት ፋንታሁን በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የመረጃ ባለሙያ ነበረች። ልድገመው፤ አምቦ ዩኒቨርሲቲ፣ አየር መንገድ፣ ጤና ጥበቃ። ጠዋት የመንግሥት ሥራ ገብተው፣ ማታ ስለ አገራቸው የሚጽፉ ሰዎች ነበሩ።

በማኅበራዊ ሚዲያ ዘመቻም ያካሂዱ ነበር። ከዘመቻዎቹ አንዱ ምን ይል እንደነበር ታስታውሳላችሁ? ሕገ መንግሥቱ ይከበር! ይህንን ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ጦማሩ ብዙም ሳይቆይ በአገር ውስጥ እንዳይከፈት ተዘጋ። አንባቢው በፕሮክሲ ዞሮ ይገባ ነበር፤ ጸሐፊዎቹም ፌስቡክ ላይ ይበልጥ ተጠጉ። አንድ መንግሥት ሕዝቡ እንዳያነበው የዘጋውን ገጽ ጸሐፊዎች፣ ሕዝቡን ሊያነሳሱ ነው ብሎ ከሰሰ። (ፋታ)

አሁን ወደ መጀመሪያው የተሳሳተ ወሬ። "ዘጠኝ ሆነው ስለታሰሩ ዞን 9 ተባሉ" ይባላል። አይደለም! ስሙ ከእስሩ ሁለት ዓመት ይቀድማል። የቃሊቲ እስር ቤት ስምንት ዞን ነበረው፤ ዘጠነኛው ከአጥሩ ውጭ ያለው አገር ነው ማለታቸው ነበር። የታሰሩት ሰዎች ቁጥር ዘጠኝ መሆኑ ግጥምጥሞሽ ነው። ደግሞም ዘጠኙም ጦማሪዎች አልነበሩም። ጦማሪዎቹ ስድስት ናቸው፦ በፍቃዱ ኃይሉ፣ አጥናፍ ብርሃኔ፣ ናትናኤል ፈለቀ፣ ዘላለም፣ አቤልና ማሕሌት። ሦስቱ ጋዜጠኞች ናቸው፦ ተስፋለም ወልደየስ፣ ኤዶም ካሳዬና አስማማው ኃይለጊዮርጊስ። ስድስት ጦማሪ፣ ሦስት ጋዜጠኛ። በክሱ ላይ አንደኛ ተከሳሽ ተብላ የተጻፈችው ሌላዋ የጦማሩ አባል ሶልያና ሽመልስ ደግሞ አገር ውስጥ አልነበረችም፤ በሌለችበት ነው የተከሰሰችው።

የተያዙበት ጊዜ የሚገርመኝ ነው። ለወራት ዝም ብለው ቆይተው ነበር። የ2006 ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ። በዚያው ሳምንት "ተመልሰናል፣ ልንጽፍ ነው" ብለው አስታወቁ። አርብ ሚያዝያ 17 መያዝ ጀመሩ። የፋሲካ ሳምንት ሳይወጣ ማዕከላዊ የምርመራ እስር ቤት ገቡ።

ማዕከላዊ ውስጥ የሆነውን በዝርዝር አልተርክም። በፍቃዱ ከእስር ቤት በወጣ ጽሑፉ የእምነት ቃል እንዴት በዱላ ይወሰድ እንደነበር ተናግሯል፤ እሱን ማንበብ ይሻላል። ክስ እስኪመሠረትባቸው ሦስት ወር ገደማ አለፈ። ቤተሰብ በየቀጠሮው አራዳ ፍርድ ቤት ግቢ ይሰበሰባል፤ ፖሊስ ተጨማሪ ጊዜ ይጠይቃል፤ ይፈቀድለታል። ይጠይቃል፤ ይፈቀድለታል። ከዚያ ግቢ የወጡትን ፎቶዎች ያያችሁ ታስታውሳላችሁ፤ እጃቸው በካቴና ታስሮ ፈገግ ብለው ለወዳጆቻቸው ሰላምታ ይሰጣሉ።

ሁለተኛው የተሳሳተ ወሬ፦ "አንድ ኃይለኛ ጽሑፍ ጽፈው ነው የታሰሩት።" ይህን ማረም በጣም ነው የምወደው፤ ምክንያቱም እውነቱ ከወሬው ይከፋል። የትኛው ጽሑፍ? የትኛው መስመር? ክሱ በአንድ ጽሑፍ ላይ አልቆመም። ሐምሌ 2006 የቀረበው ክስ በሁለት እግር የቆመ ነው። አንዱ የፀረ ሽብር አዋጁ አንቀጽ 4 ነው፤ ከ15 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ፣ ሲከፋም ሞት የሚያስፈርድ አንቀጽ። ሁለተኛው ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን በኃይል መናድ። ያዙልኝ ያልኳችሁ እዚህ ጋ ይመጣል። ሕገ መንግሥቱ ይከበር ብለው የዘመቱ ልጆች ሕገ መንግሥቱን በመናድ ተከሰሱ! እንደገና ልበለው፤ ይከበር ያሉት፣ በመናድ።

ማስረጃውስ? ቦምብ የለም፣ ጠመንጃ የለም። ከቀረበባቸው ነገር ትልቁን ቦታ የያዘው የኮምፒውተር ደኅንነት ሥልጠና ነው። ሴኩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ የሚባል መመሪያ አለ። ታክቲካል ቴክና ፍሮንት ላይን ዲፌንደርስ የተባሉ ድርጅቶች ያዘጋጁት፣ ማንም ሰው ከኢንተርኔት በነፃ የሚያወርደው መመሪያ ነው። ምን ያስተምራል? የይለፍ ቃል ረጅም አድርጉ፤ አንዱን የይለፍ ቃል ለሁሉም ቦታ አትጠቀሙ፤ ፋይላችሁን ሌላ ሰው እንዳይከፍተው ቆልፉ፤ ኢሜይላችሁ እንዳይጠለፍ ተጠንቀቁ። ዛሬ ባንካችሁ በየጊዜው በመልእክት የሚመክራችሁ ነገር ነው። ይህ በክሱ ላይ በኅቡዕ ለመንቀሳቀስ የተደረገ ዝግጅት ሆኖ ተጻፈ። የቤቱን በር ስለቆለፈ ሌባ ነው ተብሎ የተያዘ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይኸው ነው። (ፋታ)

መዝገቡ ልደታ፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት 19ኛ ወንጀል ችሎት ገባ። ጠበቃ አመሐ መኮንንና ባልደረቦቹ ያንን ክስ ቃል በቃል ተከራከሩት። ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ተደረበ፤ ዓመት አለፈ።

ሦስተኛው የተሳሳተ ወሬ፣ ከሁሉም የተስፋፋው፦ "ኦባማ ነው ያስፈታቸው።" የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኦባማ አዲስ አበባ የገቡት ሐምሌ 19 ቀን 2007 ነው። በዚያው በሐምሌ መጀመሪያ ላይ ክሳቸው ተነስቶ ከዘጠኙ አምስቱ ከእስር ወጡ፦ ዘላለም፣ ማሕሌት፣ ተስፋለም፣ አስማማውና ኤዶም። ጊዜው መቀራረቡን አልክድም፤ እኔም ዝም ብሎ የገጠመ አይመስለኝም። ነገር ግን አራቱስ? በፍቃዱ፣ አጥናፍ፣ ናትናኤልና አቤል ኦባማ መጥተው ሲሄዱ ቃሊቲ ነበሩ። አራቱ ቃሊቲ ነበሩ! በአንድ መዝገብ፣ በአንድ ማስረጃ የተከሰሱ ሰዎች አምስቱ ወጥተው አራቱ ለምን እንደቀሩ ማንም አላስረዳቸውም።

የቀሩትን የለቀቀው ችሎቱ ነው። ጥቅምት 5 ቀን 2008 በሌለችበት የተከሰሰችውን ሶልያናን ጨምሮ አጥናፍ፣ ናትናኤልና አቤል መከላከል ሳያስፈልጋቸው በነፃ እንዲሰናበቱ ወሰነ። ይህ ማለት የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ተሰምቶ ሲያልቅ መልስ እንኳ የሚያሻው አልሆነም ማለት ነው። በፍቃዱ ከሽብር ክሱ ነፃ ተብሎ አመፅ በማነሳሳት እንዲከላከል ታዘዘ፤ ከቀናት በኋላ በዋስ ወጣ። በዚያ ሁሉ ጊዜ፣ አሥራ ስምንት ወር ገደማ፣ ታስረው ነበር። ቅጣቱ ከፍርዱ ቀድሞ ተፈጸመ። ለዚህ ነው "በነፃ ወጡ" ሲባል ልቤ የማይረካው።

ከወጡም በኋላ አለቀቋቸውም። ዘላለም፣ ድንበር የለሽ ጋዜጠኞች የተባለው ድርጅት ለጦማሪዎቹ የሰጠውን ሽልማት ሊቀበል ወደ ፈረንሳይ ሲነሳ ቦሌ ላይ ፓስፖርቱን ተቀማ። በፍቃዱ በ2009ኙ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለአሜሪካ ድምፅ ቃለ ምልልስ ሰጥተሃል ተብሎ ከወር በላይ ታሰረ።

አሁን የዛሬውን ታሪክ የመረጥኩበት ነገር ላይ ደረስኩ። በዞን 9 ጊዜ መንግሥት "የታሰሩት በጻፉት አይደለም" ይል ነበር፤ ለዚያም ሥልጠናን፣ ኅቡዕ ቡድንን መደርደር አስፈለገው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ይህ ቀረ። የሰማያዊ ፓርቲ የቀድሞ ሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ዮናታን ተስፋዬ ታኅሣሥ 2008 ተያዘ። በኦሮሚያ ተቃውሞ ጊዜ ፌስቡክ ላይ የጻፋቸው ጽሑፎች ራሳቸው ክስ ሆኑ፤ ራሳቸውም ማስረጃ ሆኑ። ሥልጠና አልተፈለገም፤ ኅቡዕ ቡድን አልተፈለገም። የጻፈው በቃ። ግንቦት 17 ቀን 2009 ሽብርን በማበረታታት ስድስት ዓመት ከስድስት ወር ተፈረደበት። ስድስት ዓመት ከስድስት ወር፣ ለፌስቡክ ጽሑፍ። (ፋታ)

ዮናታን በ2010 ዓ.ም. እስረኞች ሲለቀቁ ወጣ። በጦማሪዎቹ ላይ የቀረው ክስም በዚያው ዓመት ተነሳ። ከዚያም በመጋቢት፣ የተፈቱ እስረኞችን ለማክበር ወዳጆች በአንድ መኖሪያ ቤት በተሰበሰቡበት፣ በፍቃዱና ማሕሌት ከእነ እስክንድርና ከጋዜጠኛ ተመስገን ደሳለኝ ጋር ተይዘው ከሳምንት በላይ ታስረው ተፈቱ። አዋጅ 652 እስኪሻር ገና ሁለት ዓመት ይቀረው ነበር።