ገርባ ጉራቻ፦ ወደ ባሌው የተራራ ሐይቅ የሚደረግ የተደላደለ ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

ገርባ ጉራቻ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3 ሺህ 950 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ አነስተኛ ሐይቅ ነው። ስሙ በአፋን ኦሮሞ “ጥቁር ባሕር” እንደማለት ነው። ርዝመቱ 500 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የተቀመጠበትን ጎድጓዳ ሥፍራ የፈለፈለው በጥንት ዘመን ተራራውን ሸፍኖት የነበረው ግግር በረዶ ነው። በረዶው ቀልጦ ሲያፈገፍግ ቦታውን ውኃ ሞላው። ተመራማሪዎች ከሐይቁ ወለል ካወጡት ደለል ከ15 ሺህ ዓመታት በላይ የሚሆን የአካባቢውን የአየር ንብረትና የዕፅዋት ታሪክ ለማንበብ ችለዋል።

ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስሙ በሰፊው በተሰማ ቁጥር አቅም ያላቸው የአገር ውስጥና የውጭ ተጓዦች በምቾት የሚደርሱበትን መንገድ መጠየቃቸው አይቀርም። ከሐይቁ ዳር ግን ሆቴል የለም፤ መኪናም አይደርስም። ምቹ ድንኳን፣ ጥሩ ምግብ ሠሪና ሞቃት አልጋ የሚፈልግ ሁሉ በፈረስ አስጭኖ መውጣት አለበት። ይህን ሁሉ ገንዘብ ያሟላል። ገንዘብ የማይገዛው ሰውነት ከፍታውን እስኪለምድ የሚወስደውን ጊዜ ነው። ስለዚህ የተደላደለ ጉዞ ዕቅድ የሚጀምረው ከአልጋው ጥራት ሳይሆን በመንገድ ላይ ከሚያድሩት ሌሊቶች ብዛት ነው።

ከፍታው በሰውነት ላይ የሚያስከትለው

በ4 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚያገኘው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሰውነት ይህን ጉድለት ቀስ በቀስ ይለምደዋል፤ ሲያጣድፉት ግን ይታመማል። የከፍታ ሕመም የመጀመሪያ ምልክቶች ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ድካምና እንቅልፍ ማጣት ናቸው። ወጣትነትም ሆነ የስፖርት ብቃት ከዚህ ሕመም አያድንም፤ በፈረስ መሄድም አያድንም። ፈረስ ጉልበትን ይቆጥባል እንጂ አየሩን አያወፍርም።

አዲስ አበባ ወይም ሌላ ደጋ ከተማ የሚኖር ሰው በከፊል የለመደ ነው። ከዱባይ፣ ከጂዳ ወይም ከሌላ ቆላ ሥፍራ የሚመጣ ቤተሰብ ግን ከዝቅተኛ ሥፍራ ስለሚነሳ የበለጠ መጠንቀቅ ይኖርበታል። የተራራ ሕክምና መመሪያዎች ከ3 ሺህ ሜትር በላይ የመኝታው ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር፣ በየሦስትና አራት ቀኑም አንድ የዕረፍት ሌሊት እንዲኖር ይመክራሉ። የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ማነስ ሕመም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርና ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ከመነሳታቸው በፊት ሐኪም ማማከር አለባቸው። ከፍታን ለመልመድ የሚረዳ መድኃኒትም የሚወሰደው በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ነው።

የሕመሙ ምልክት የታየበት ሰው እስኪሻለው ድረስ ከነበረበት ቦታ ከፍ ማለት የለበትም። እንደ ሰካራም የሚንገዳገድ፣ ንግግሩ የሚዘበራረቅ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ ደግሞ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ያን ጊዜ ንጋትን መጠበቅ አይገባም፤ ወዲያውኑ ወደ ታች ማውረድና ወደ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል። በዚህ ምክንያት ለመሸከሚያ ከተያዙት ፈረሶች ሌላ አንድ ባዶ ፈረስ ይዞ መጓዝ ከቅንጦት ሁሉ የሚበልጥ ወጪ ነው።

ወቅቱ

ለጉዞው የተሻለው ጊዜ ደረቁ ወቅት፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ነው። ከዚያ በኋላ የበልጉና የክረምቱ ዝናብ ተከታትሎ ስለሚመጣ ሜዳው ረግረግ ይሆናል፤ ጉምም መንገዱን ይሸፍናል። ይሁን እንጂ ደረቁ ወቅት ብርዱ የሚበረታበትም ነው። ቀን በፀሐይ የሚያቃጥለው ሜዳ ሌሊት ከዜሮ ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት በድንኳኑ ላይ አመዳይ ማየት የተለመደ ነው። የፀሐይ ጨረርም በየ1 ሺህ ሜትሩ ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ባርኔጣ፣ የፀሐይ መነጽርና የቆዳ ቅባት በብርዱም ቀን አስፈላጊ ናቸው።

የዘጠኝ ቀን ዕቅድ

ፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤቱ ያለው በዲንሾ ከተማ ነው። ዲንሾ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቅ ሲሆን፣ በሻሸመኔና በዶዶላ በኩል ሲኬድ ሙሉ ቀን ይወስዳል። በአውሮፕላን መሄድ የሚፈልግ ወደ ሮቤ የሚደረገውን በረራ መርሐ ግብር አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት። በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው የቡታጋዝ ጣሳ መያዝ ስለማይፈቀድለት ማገዶውን ከመዳረሻው ከተማ ማዘጋጀት ይኖርበታል።

1ኛ ቀን፦ ዲንሾ መድረስና ማደር። ከፍታው 3 ሺህ 100 ሜትር ገደማ ነው።

2ኛ ቀን፦ እዚያው ዲንሾ መዋልና ማደር። ቀኑ ግን አይባክንም፤ በጋይሳይ ሜዳና በዋናው ጽሕፈት ቤት ዙሪያ ባለው የጥድና የኮሶ ደን ውስጥ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው የደጋ አጋዘን በቅርብ ይታያል።

3ኛ ቀን፦ በዌብ ሸለቆ አቅጣጫ ወደ ሶዶታ ማረፊያ።

4ኛ ቀን፦ ወደ ከይረንሳ ማረፊያ።

5ኛ ቀን፦ ወደ ራፉ። ሥፍራው ከእሳተ ገሞራ የቀሩ ዓምድ መሰል ዐለቶች ተኮልኩለው የሚታዩበት ነው።

6ኛ ቀን፦ ወደ ገርባ ጉራቻ።

7ኛ ቀን፦ በሐይቁ ዳር ዕረፍት።

8ኛና 9ኛ ቀን፦ በወርጎና በኩል ወደ ዲንሾ መመለስ።

ይህን ዕቅድ ለማሳጠር የሚፈልግ ሰው ሁለተኛውንና ሰባተኛውን ቀን ለመሰረዝ ይፈተናል። ሁለተኛውን ቀን መሰረዝ ግን የቀሩትን ሁሉ አደጋ ላይ ይጥላል። ሰባተኛው ቀን ደግሞ ዝናብ ወይም ሕመም አንድ ቀን ቢያዘገይ መጠባበቂያ ነው።

ዘጠኝ ቀን ለሌለው ሰው ሌላ መንገድ አለ። 2 ሺህ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ጎባ እያደሩ፣ ቀን በመኪና ወደ ሰነቴ አምባ ወጥቶ መመለስ ይቻላል። መንገዱ አምባውን አቋርጦ ወደ ሐረና ደን ይወርዳል። 4 ሺህ 377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱም በዚያው አምባ ላይ ነው። ከመንገዱ አቅራቢያ ትንንሽ ኩሬዎች፣ የጅብራ ተክሎችና ዕድል ከቀና ቀይ ቀበሮ ይታያሉ። በዚህ መንገድ ሰው ከፍ ያለ ቦታ ውሎ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሚያድር አደጋው ይቀንሳል። ገርባ ጉራቻን ግን ለሌላ ጊዜ መተው ይኖርበታል። ከአምባው ደቡብ፣ በሐረና ደን ውስጥ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ላይ ሎጅ ተሠርቷል፤ በዚያ ለማረፍ የሚፈልግ አገልግሎት መስጠቱን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል።

ድንኳን፣ ምግብና ውኃ

በዚህ ከፍታ ምቾት ማለት በመጀመሪያ ሙቀትና ደረቅነት ነው። ከዜሮ በታች ለሆነ ብርድ የተሠራ የመኝታ ከረጢት፣ ከመሬቱ የሚለይ ወፍራም ፍራሽ፣ ንፋስ የሚችል ድንኳንና ለመመገቢያ የሚሆን ሌላ ድንኳን ዋናዎቹ ናቸው። ሌሊት የፈላ ውኃ በላስቲክ ኮዳ ሞልቶ በመኝታው ውስጥ ማስገባት ርካሽ ሆኖ ሳለ ብዙ የሚጠቅም ዘዴ ነው። ውፍረት ካለው አንድ ካፖርት ይልቅ በላይ በላይ የሚደረቡ ስስ ልብሶች፣ የዝናብ ልብስ፣ ጓንትና የሱፍ ካልሲ ይሻላሉ።

ውኃ በ4 ሺህ ሜትር ላይ የሚፈላው በ87 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው። ስለዚህ ባቄላና ሥጋ በተራ ድስት ቶሎ አይበስሉም፤ ምግብ ሠሪው እንፋሎት የሚያምቅ ድስት መያዝ ወይም ቶሎ የሚደርሱትን ሽሮን፣ ገንፎንና በሶን መምረጥ አለበት። ከብት በየሜዳው ስለሚግጥ የምንጭና የሐይቅ ውኃ ሳይፈላ አይጠጣም፤ ከፈላ በኋላም ሦስት ደቂቃ መቆየት አለበት።

ለማገዶ አስታ መቁረጥ አይገባም። አስታ እሳት ቶሎ የሚይዘው፣ በብርዱም ምክንያት ቀስ ብሎ የሚያድግ ተክል ነው። ምግብ በላምባ ወይም በቡታጋዝ ይበስላል፤ የገባው ላስቲክና ጣሳ ሁሉም ተመልሶ ይወጣል።

መሪ፣ ፈረስና ክፍያ

የመግቢያ ክፍያ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት በደረሰኝ ይከፈላል። መንገድ መሪ፣ ምግብ ሠሪ፣ ፈረስና የፈረስ ጠባቂ የሚገኙት ከዲንሾ የአስጎብኚዎች ማኅበርና ከአካባቢው ባለ ፈረሶች ነው። አንድ ጠቅላላ ዋጋ ከመስማት ይልቅ የእያንዳንዱን የቀን ክፍያ ለይቶ መጠየቅና በጽሑፍ መያዝ ይጠቅማል። በውሉ ውስጥ የመልስ ጉዞው ቀን፣ የዕረፍቱ ቀንና የሠራተኞቹ ስንቅ በማን ወጪ እንደሆነ ካልተገለጸ ጭቅጭቅ የሚነሳው በተራራው ላይ ነው።

እንግዳው በወፍራም መኝታ ሲያድር ፈረስ ጠባቂው በአንድ ጋቢ ከንፋስ ጋር የሚታገልበት ጉዞ የተደላደለ ሊባል አይችልም። ለሠራተኞቹም ድንኳን፣ ብርድ ልብስና ትኩስ ምግብ በዕቅዱ ሊካተት ይገባል። ቅንጦቱ ዕቃ ስለሚያበዛ የፈረሱን ቁጥር መጨመር እንጂ ሸክሙን ማክበድ አይገባም። ጀርባው የተላላጠ ወይም የሚያነክስ ፈረስ ጠዋት ሲጫን ተመልክቶ እንዲቀየር መጠየቅ የተጓዡ መብት ነው። ለባለ ፈረሱ ለአርሶ አደሩም ጥቅሙ የራሱ ነው፤ ጤነኛ ፈረስ፣ ለስላሳ መደላድልና የታሰረ የሸክም ሚዛን የሚቀጥለውን እንግዳ ያመጣሉ። እንቁላል፣ ድንች፣ ማርና ገብስ ከዲንሾና ከጎባ ገበያ ቢገዙ የጉዞው ወጪ ከፓርኩ ዙሪያ ላሉ ቤተሰቦች ይደርሳል።

ተራራው የማን ነው?

በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ነው። ከሚመገቧቸው ዋናው በዚሁ ተራራ ብቻ የሚገኘው ትልቁ ፍልፈል ነው። ቀበሮዎቹን በተደጋጋሚ ያረገፋቸው ከቤት ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስለዚህ ተጓዥ ውሻ ይዞ መግባት፣ ለቀበሮ ምግብ መጣል ወይም ለፎቶግራፍ ማባረር የለበትም። በሰነቴ መንገድ ላይም መኪና ቀስ ብሎ መነዳት አለበት፤ በመኪና የተገጩ ቀበሮዎች አሉ። ከፓርኩ ዙሪያ ለሚኖር አርሶ አደር ደግሞ ውሻውን ማስከተብ የራሱን ልጆችና ከብቶች የሚጠብቅ ሲሆን፣ እንግዳው ከሩቅ አገር ሊያየው የሚመጣውን እንስሳም ያቆያል።

ተራራው የሰውም መኖሪያ ነው። አርብቶ አደሮች “ጎዳንቱ” በሚባለው ልማድ ከብቶቻቸውን እንደ ወቅቱ ከቆላ ወደ ደጋ ይመልሳሉ። በመንገድ ላይ የሚታየው ጎጆ የሰው ቤት እንጂ የጉብኝት ትርኢት ስላልሆነ፣ ሰላምታ ማቅረብና ሰው ፎቶግራፍ ከማንሳት በፊት መጠየቅ ተገቢ ነው። ከዚህ ተራራ የሚነሱት ወንዞች፣ ዌብና ገናሌን ጨምሮ፣ እስከ ሶማሊያ ድረስ ላሉ ሚሊዮኖች ውኃ ይሰጣሉ። በሐይቁ ውስጥ ሳሙና ማጠብም ሆነ በአቅራቢያው መጸዳዳት የሚከለከለው በዚህም ምክንያት ነው።

ከመነሳት በፊት የሚረጋገጡ

• የአካባቢው ጸጥታና የመንገዱ ሁኔታ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤትና ከአካባቢው አስተዳደር ተጠይቋል?

• የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች በዲንሾ እንዲያልፉ ታስቧል?

• ባዶ ፈረስ፣ የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥንና የሕመም ጊዜ መውረጃ መንገድ ከመሪው ጋር ተነጋግሮ ተወስኗል?

• የስልክ አገልግሎት በማይኖርበት ሥፍራ ስለሚገባ፣ የመመለሻው ቀን ለቤተሰብና ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተነግሯል?

• የሠራተኞቹ ድንኳንና ስንቅ ተሟልቷል?

ለእነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ መልስ ያለው ተጓዥ፣ ድንኳኑ ባለ ብዙ ዋጋ ቢሆንም ባይሆንም፣ በጤና ወጥቶ በጤና ለመመለስ ተዘጋጅቷል። አንዱ እንኳ ከጎደለ ግን ጉዞውን በአንድ ሳምንት ማዘግየት ይሻላል፤ ሐይቁ ከቦታው አይሄድም።